የቃና ሠርግ ሥዕልና የሸራ ግልባጩ

አንድን ሥዕል ወድዶ ዋናውን ለማግኘት ያልቻለ ሰው ግልባጩን ይፈልጋል። ግልባጩን በፈለገ ጊዜም አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ይኸውም በወረቀት ይታተም ወይስ በሸራ የሚል ነው። ጥያቄው የገበያ ነገር ይመስላል፤ የዋጋና የመልክ ምርጫ ብቻ ነው ተብሎም ይታለፋል። ነገር ግን የሥዕልን ታሪክ ለተመለከተ ሰው፣ ወረቀትና ሸራ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠባይና የየራሳቸው ሥራ እንዳላቸው፣ የአንዱን ሥራ ለሌላው መስጠትም አንዳንድ ጊዜ ወደ ስሕተት፣ አንዳንድ ጊዜም ወደ ሐሰት እንደሚያደርስ ይገለጥለታል። ይህንም ነገር አጥርቶ የሚያስረዳ የአንድ ታላቅ ሥዕል ታሪክ አለ፤ ሥዕሉ ከገዳም ተነቅሎ ወደ ሌላ አገር ተወሰደ፤ ከ210 ዓመት በኋላም ግልባጩ ወደ ቀድሞው ስፍራ ተመለሰ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የአውሮፓ ሠዓልያን በብዛት ይሥሉ የነበረው በእንጨት ሰሌዳ ወይም ገና ባልደረቀ የኖራ ግድግዳ ላይ ነበረ። የቬኒስ ከተማ ግን በባሕር መካከል የተሠራች ስለ ሆነች፣ እርጥበቱና የባሕሩ ጨው በግድግዳ ላይ የተሣለውን ሥዕል እየላጠ ያበላሸው ነበር። በሌላ ወገን ደግሞ ቬኒስ የመርከብ አገር ነበረችና ለመርከብ የሚሆን ጠንካራ የሸራ ጨርቅ በከተማዋ ሞልቶ ነበር። ስለዚህ ሠዓልያኑ ጨርቁን በእንጨት ላይ ወጥረው፣ በሙጫና በጄሶ ለቅልቀው፣ በዘይት ቀለም ይሥሉበት ጀመር። ሸራ ከእንጨት ሰሌዳ ይልቅ ቀላል ነው፤ ቁራጩን ከቁራጭ ጋራ በመስፋት እንደ ተፈለገ ማስፋት ይቻላል፤ ተጠቅልሎም ከቦታ ወደ ቦታ ይሄዳል። ይህ የመጨረሻው ጠባዩ ለሠዓሊውና ለገዢው በረከት ነበረ፤ በኋላ ግን ለወሳጅም ተመቸ።

በዚያች ከተማ ፊት ለፊት በሳን ጆርጆ ማጆሬ ደሴት ላይ በጥንት ዘመን የተመሠረተ የቤኔዲክቶስ መነኮሳት ገዳም አለ። አንድሬያ ፓላዲዮ የተባለው ስመ ጥር የሕንፃ ሊቅ ለመነኮሳቱ አዲስ ምርፋቅ፣ ማለት የመብል አዳራሽ፣ ሠራላቸው። በጁን ወር 1562 ዓ.ም. መነኮሳቱ ፓውሎ ቬሮኔዜ ከሚባለው ሠዓሊ ጋራ ውል ተዋዋሉ። የውሉም ቃል ጌታ በቃና ዘገሊላ ሠርግ ውኃውን ወይን ያደረገበትን ተአምር፣ የምርፋቁን የራስጌ ግድግዳ በሚሸፍን ስፋት እንዲሥል የሚያዝ ነው። ዋጋውም 324 ዱካት፣ ከዚህም በላይ ሥራው እስኪፈጸም ድረስ ምግቡና አንድ በርሜል ወይን ጠጅ ሆነ። ቬሮኔዜ በ1563 ዓ.ም. ሥራውን ፈጽሞ አስረከበ። የሥዕሉ ቁመት 6 ሜትር ከ77 ሳንቲሜትር፣ ወርዱ 9 ሜትር ከ94 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎችም ተሥለውበታል።

ሥዕሉ ለዚያ ግድግዳ ታስቦ የተሠራ እንጂ ወደ የትም ስፍራ ተወስዶ እንዲሰቀል የተሠራ አልነበረም። ከወለሉ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ይታይ ስለ ነበረ ተመልካቹ ዐይኑን ወደ ላይ ያነሣ ነበር። በሥዕሉ ውስጥ የቆሙት ዐምዶችም ፓላዲዮ በድንጋይ ከሠራቸው ጋራ ስለሚስማሙ አዳራሹ በሥዕሉ ውስጥ የሚቀጥል ይመስላል። መነኮሳቱ በማዕዳቸው ተቀምጠው ቀና ባሉ ጊዜ የገሊላ እንግዶች በዚያው አዳራሽ ጫፍ በሌላ ማዕድ ተቀምጠው ይታዩዋቸው ነበር። ስለዚህ የሥዕሉ ትርጓሜ ግማሹ በሸራው፣ ግማሹ በስፍራው ነበረ ማለት ይቻላል።

ሥዕሉ በዚያ ስፍራ 234 ዓመት ከቆየ በኋላ በ1797 ዓ.ም. ናፖሌዎን ቦናፓርት የቬኒስን መንግሥት አጠፋ፤ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር 11 ቀንም የፈረንሳይ ሰዎች ሥዕሉን ከግድግዳው አወረዱት። ስፋቱ ለመንገድ አስቸጋሪ ስለ ነበረ ሸራውን ቈራርጠው ጠቀለሉትና ወደ ፓሪስ ወሰዱት፤ እዚያም እንደ ገና ተሰፍቶ በሉቭር ቤተ መዘክር ተሰቀለ። ናፖሌዎን በ1815 ዓ.ም. ድል ከሆነ በኋላ ከኢጣልያ ከተወሰዱት ሥዕሎች ብዙዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ይህ ግን ቀረ። ምክንያቱም እጅግ ሰፊና ደካማ ስለ ሆነ መንገድ አይችልም የሚል ነበረ፤ በፋንታውም ሻርል ለ ብረን የተባለው ፈረንሳዊ የሣለው የፈሪሳዊው የስምዖን ቤት ግብዣ ለቬኒስ ተሰጠ።

መንገድ አይችልም የተባለው ሥዕል ግን ፈረንሳይና ፕሩስያ በተዋጉ ጊዜ በ1870 ዓ.ም. ተጠቅልሎ ወደ ብሬስት ወደብ ሄደ፤ በሁለተኛውም የዓለም ጦርነት ዘመን እንደ ገና ከፓሪስ ወጥቶ ከቦታ ወደ ቦታ ተዘዋወረ። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ በሉቭር ውስጥ ሲያነሡት ወድቆ ሸራው ተቀደደና በብዙ ድካም ተጠገነ። ዛሬ የሚገኘው የሊዮናርዶ ሞና ሊዛ በተሰቀለችበት አዳራሽ፣ በእርሷ ፊት ለፊት ነው፤ ከተመልካቹም ሕዝብ የሚበዛው ለቃና ሠርግ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል።

ሥዕሉ ከምርፋቁ በራቀበት ዘመን ሁሉ መልኩ ከዓለም አልጠፋም፤ ዝናው በወረቀት ይሄድ ነበርና። የአውሮፓ ቀራጮች ታላላቅ ሥዕሎችን በእንጨትና በመዳብ ሰሌዳ እየቀረጹ፣ በወረቀት እያተሙ ለሩቅ አገር ሰው ያደርሱ ነበር። ወረቀት ርካሽ ነው፤ ይባዛል፤ በመጽሐፍ መካከል ገብቶ ባሕር ይሻገራል። ይህንም ለማስረዳት ከኢትዮጵያ የሥዕል ታሪክ አንድ ምሳሌ ይበቃል። በ1590 እና በ1591 ዓ.ም. በሮም ከተማ በሜዲቺ ማተሚያ ቤት በዐረብኛ የታተመ ወንጌል ነበረ፤ አንቶኒዮ ቴምፔስታ የነደፋቸው፣ በእንጨት ተቀርጸው የታተሙ ከመቶ የሚበልጡ ሥዕሎች ነበሩበት። መጽሐፉ ወደ ኢትዮጵያ ደረሰና በ17ኛው መቶ ዓመት የነበሩት ሠዓልያን ከእርሱ እየተመለከቱ በብራና ወንጌሎች ላይ ሣሉ። ነገር ግን እንዳለ አልገለበጡትም፤ የሮማውን ጥላና ርቀት ትተው በአገራቸው ልማድ ፊቱን አቀኑት፣ ዐይኑን አጐሉት፣ በቀይና በቢጫ ቀለም አለበሱት። ከወረቀት የተማሩት የነገሩን አሰላለፍ ነው፤ ሥዕሉ ግን የራሳቸው ሆነ።

እንግዲህ የወረቀት ሥራው መልእክተኛነት ነው። በወረቀት የታተመውን ሥዕል የሚያይ ሰው ዋናው በሌላ ስፍራ እንዳለ ያውቃል፤ ወረቀቱም እኔ ዋናው ነኝ አይልም። መልእክተኛው የንጉሡን ልብስ የለበሰው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። በዚያ ዘመን በድንጋይ ሰሌዳ ላይ ልዩ ልዩ ቀለም እያደራረቡ ማተም ስለ ተቻለ፣ አታሚዎች የዘይት ሥዕልን መልክ በወረቀት አወጡ። ከዚያም ወረቀቱን የሸራ ድርና ማግ እንዲመስል በማተሚያ ተጫኑት፤ በላዩም ቫርኒሽ ቀቡት። ይህ ሥራ ኦሌኦግራፍ ተባለ። በብዙ ድኻ ቤት ውስጥ የሥዕል ደስታን ያገባ ስለ ሆነ ጥቅሙ አይካድም፤ ነገር ግን ወረቀት ሆኖ ሳለ ሸራ ነኝ ያለ ግልባጭ ነው። ዘመን ሲያልፍበትም ቫርኒሹ ወደ ቢጫነት ይለወጥና ከሥሩ ያለው ተራ ወረቀት ይጋለጣል።

ወደ ቬኒስ እንመለስ። የሳን ጆርጆ ገዳም ከናፖሌዎን በኋላ ለብዙ ዘመን የወታደር ሰፈር ሆኖ ተጐድቶ ነበር። በ1951 ዓ.ም. የጆርጆ ቺኒ ፋውንዴሽን ተመሥርቶ ሕንፃውን አደሰው። ይህም ማኅበር ምርፋቁ ሥዕሉን መልሶ እንዲያገኝ ፈለገ፤ ዋናው እንደማይመለስ ባወቀ ጊዜም መቀመጫው በማድሪድ የሆነውን፣ አዳም ሎው የመሠረተውን ፋክቱም አርቴ የተባለ የሥራ ቤት ጠራ። ባለሙያዎቹ በ2006 ዓ.ም. ከሉቭር ፈቃድ አግኝተው፣ ቤተ መዘክሩ ለሕዝብ በሚዘጋበት ሰዓት እየገቡ፣ የሥዕሉን ገጽ ሳይነኩ በስካነር ክፍል በክፍል በእውነተኛ መጠኑ መዘገቡት።

በዚህ ጊዜ ነበር የወረቀትና የሸራ ጥያቄ በእውነት የቀረበው። ያንን ሁሉ ስፋት በወረቀት ማተም ሊቻል ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ወረቀት በትልቅ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ እንጂ ሥዕል አይመስልም፤ ከመስኮት የሚገባውንም ብርሃን እንደ ሥዕል ሸራ አይቀበልም። በፋብሪካ ተለቅልቆ በተዘጋጀ ተራ ሸራ ላይ ማተምም አልበቃቸውም። ስለዚህ የተልባ እግር ጨርቅ ወስደው፣ የጥንት ሠዓልያን ያደርጉት እንደ ነበረ ከእንስሳት ሙጫና ከነጭ ጠመኔ በተሠራ ጄሶ ለቀለቁት፤ ለዚሁ ሥራ በተዘጋጀ ማተሚያም ቀለሙን በላዩ አተሙ። ቁራጮቹን ካጋጠሙ በኋላ መጋጠሚያውን በእጅ እየቀቡ አስማሙት። ግልባጩ በምርፋቁ ተሰቅሎ ለሕዝብ የታየው በሴፕቴምበር 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ዋናው በተወሰደ ልክ በ210ኛው ዓመት ነው።

ግልባጩን ካዩት አንዳንዶቹ፣ ሥዕሉ በፓሪስ ያልተገለጠላቸው ነገር በዚህ ተገለጠላቸው፤ ከፍታው፣ የመስኮቱ ብርሃን፣ ከፓላዲዮ ዐምዶች ጋራ ያለው ስምምነት ተመልሶ ነበርና። ፈረንሳዊው ሊቅ ብሩኖ ላቱር ከአዳም ሎው ጋራ ሆኖ በጻፈው ጽሑፍ የአንድ ሥዕል ክብር በዋናው አካል ብቻ ታስሮ አይቀርም፣ በጥንቃቄ የተሠራ ግልባጭ በተገቢው ስፍራ በቆመ ጊዜ ክብሩ ወደ እርሱ ሊሻገር ይችላል ብሎ ተከራከረ። ይህን የማይቀበሉ ሰዎችም አሉ፤ የቬሮኔዜ እጅ የነካው ሸራ አንድ ብቻ ነው ይላሉ። ሁለቱም ወገን አንድ ነገር ላይ ግን ይስማማሉ፤ በምርፋቁ ያለው ግልባጭ እንደ ሆነ፣ ዋናውም በፓሪስ እንዳለ ከማንም የተሰወረ አይደለም።

የዚህን ነገር ጥቅም የሚያሳይ ሌላ ታሪክ በጐንደር አለ። በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት በጭቃና በጭድ በተመረገው ግድግዳ ላይ ቀጭን የጥጥ ጨርቅ በሙጫ ለጥፎ፣ በነጭ ልቅላቂ አሰናድቶ፣ በላዩ መሣል የቆየ ልማድ ነው። ጨርቁ የጭቃውን ስንጥቅ ይሸፍናል፤ ለቀለሙም ለስላሳ መቀመጫ ይሆነዋል። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1667 እና በ1682 ዓ.ም. መካከል ተተከለ የሚባለው የጐንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንም እንዲህ ባለ ሥዕል ያጌጠ ነበር። በ1932 ዓ.ም. ከዳካር ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው፣ ማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የጥናት ጓድ በጐንደር ሰፈረ። ጓዱ በአሮጌው ፋንታ አዲስ ሥዕል ይተካል በሚል ሐሳብ የአባ እንጦንስን ሥዕሎች ከግድግዳው ላጠና ወደ ፓሪስ ወሰደ። ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው የጓዱ ሠዓሊ ከእነዚያ ሥዕሎች እየገለበጠ በሸራ የሣለው በስፍራቸው ተተካ። ዋናዎቹ ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ይገኛሉ።

ሁለቱን ታሪኮች አስተያይቶ መመልከት ይገባል። በቬኒስም በጐንደርም ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ስለ ነበረ ተነቅሎ ተጠቀለለ፤ በድንጋይ ላይ የተሣለ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልቀለለ ነበር። በሁለቱም ስፍራ ዋናው ወደ ፓሪስ ሄደ፤ በፋንታውም በሸራ ላይ ያለ ግልባጭ ቆመ። አንዱ ግልባጭ በማሽን የታተመ፣ ሌላው በእጅ የተሣለ ነው። ትልቁ ልዩነት ግን በሥራው ሳይሆን በዓላማው ነው። የጐንደሩ ግልባጭ የተሠራው ዋናውን ለመውሰድ እንዲያመች ነው፤ የባዶውን ግድግዳ ጥያቄ ዝም የሚያሰኝ መሸፈኛ ሆነ። የቬኒሱ ግልባጭ የተሠራው ግን የጠፋውን ለማስታወስ ነው፤ የቆመበት ግድግዳ ራሱ ዋናው የት እንዳለና እንዴት እንደ ተወሰደ ይመሰክራል። ስለዚህ ሸራ በራሱ እውነተኛም ሐሰተኛም አይደለም። ነገር ግን ከወረቀት ይልቅ ዋናውን የሚመስልና በዋናው ስፍራ ለመቆም የሚችል ስለ ሆነ፣ እውነትን መናገር ከወረቀት ይልቅ ይፈለግበታል።

ይህ ጥያቄ ዛሬ የታላላቅ ገዳማትና የቤተ መዘክሮች ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ አገር በካሊፎርንያ፣ ጥቃቅን የቀለም ነጠብጣብ የሚረጩ ማተሚያዎች ለሥዕል ግልባጭ ሥራ ገቡ፤ በ1991 ዓ.ም. ጃክ ዱጋን የተባለ አታሚ ዢክሌ የሚል የፈረንሳይኛ ስም አወጣላቸው፤ ትርጓሜውም ከመርጨት የመጣ ነው። የመጀመሪያዎቹ በውኃ የሚሟሟ ቀለም ይጠቀሙ ስለ ነበረ ብርሃን ቶሎ ያደበዝዛቸው ነበር፤ በኋላ በደቃቅ ዱቄት የተሠራ፣ ብርሃንን የሚታገሥ ቀለም ተገኘ። ሸራውም ቀለሙን እንዲይዝ በልቅላቂ እየተዘጋጀ ለገበያ ቀረበ። ዛሬ በብዙ ከተማ አንድ ሰው የወደደውን ሥዕል በፈለገው መጠን በሸራ ለማሳተም ይችላል፤ በቤትም በቤተ ክርስቲያንም የታተመ ሥዕል ተሰቅሎ ይታያል።

ለዚህ ሰው ታሪኩ የሚሰጠው ምክር አጭር ነው። ዋናው በዘይት ቀለም በሸራ የተሣለና ሰፊ የሆነ እንደ ሆነ፣ ግልባጩም በዋናው መጠን ወይም በተቀራራቢው የሚቆም ከሆነ፣ ሸራ ይስማማዋል፤ መስታወት ስለማያስፈልገው አያንጸባርቅም፤ ለሰቃዩም ይቀልላል። ዋናው የብራና ሥዕል፣ የመዳብ ቅርጽ ወይም በውኃ ቀለም የተሠራ እንደ ሆነ ግን፣ የሸራው ድርና ማግ ቀጭኑን መስመር ይበላዋልና ወረቀት ይሻላል፤ ከጥጥ የተሠራ፣ አሲድ የሌለበት ወረቀት በመስታወት ውስጥ ቢቀመጥ ለረጅም ዘመን ይቆያል። የታተመ ሸራ ደግሞ በእንጨቱ ጠርዝ በሚታጠፍበት ስፍራ ልቅላቂው ሊሰነጠቅ ይችላል፤ መስታወት ስለሌለውም አቧራና ጢስ ይደርስበታል። ይህ በተለይ ጧፍና ዕጣን በሚጤስበት ስፍራ የሚታሰብ ነገር ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ግልባጩ ስሙን እንዲይዝ ማድረግ ነው። ይህ ለኢትዮጵያ ሊቃውንት አዲስ ትምህርት አይደለም። ጸሐፊ በብራና መጽሐፍን በገለበጠ ጊዜ በመጨረሻው ገጽ ማን እንዳጻፈውና ማን እንደ ጻፈው የመጻፍ ልማድ ነበረው፤ ይህን በማድረጉም የመጽሐፉ ክብር አልተቀነሰም፤ ይልቁንም ተነባቢነቱ ታመነ። በሸራ የታተመ ሥዕልም በጀርባው የዋናውን ሠዓሊ ስም፣ ዋናው የሚገኝበትን ስፍራና የታተመበትን ዓመት ቢይዝ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚያወርደው ሰው ያየው ነገር ምን እንደ ሆነ ያውቃል። በጐንደር አባ እንጦንስ የተተካውን የሩን ሸራ ያየ ሕፃንም የአባቶቹ ሥዕል የት እንዳለ ሊጠይቅ የሚችለው ይህን የሚነግረው ሲኖር ብቻ ነው።